አራተኛዋ ፊደል

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ በሽታ ስም ላወራችሁ ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ የሚሰጠን ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሞቻችንም ነርሶቻችንም በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ ልማዱ ቶሎ የሚቀር አይመስለኝም። ወረቀቱን ይዘን ቤት እንገባለን፣ ከፍራሽ ሥር ወይም ከዳዊታችን ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ምን እንደሚል ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ካዛንቺስ ሳለን ነገሩ ቀላል ነበር። ጎረቤት በፈለገው ሰዓት በሩን አንኳክቶ «ሲስተር፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ» ይላል፤ አይቼ እነግረዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበተንን። አሁን የሚመጣው ስልክ ነው። የልጅ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ፊደል በፊደል ያነብልኛል፣ እኔ በዚህ በኩል እስክሪብቶ ይዤ እጽፋለሁ። እንደዚያ ስንል ነው ለአንባቢዎቼም ይጠቅማል ያልኩትን ነገር ያስተዋልኩት። ረጅሙ ቃል አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ጡብ የተደራረበ ነው። ጥቂት ጡቦች ያወቀ ሰው ብዙውን ቃል ይፈታዋል።

ለነገሩ የሰፈራችን ስም ራሱ እንዲህ ያለ ቃል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ የስሙ ምህጻረ ቃል ኢንቺስ ይባላል። ካዜ ደግሞ በጣልያንኛ ቤቶች ማለት ነው። ካዜ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች። እኛ ገጣጥመን ካዛንቺስ አልነው።

በጣም አደገኛ ከሆነው ልጀምር። በእንግሊዝኛ ኤች፣ ዋይ፣ ፒ ብለው የሚጀምሩ ሁለት ቅጥያዎች አሉ። ከግሪክ የመጡ ናቸው። አራተኛዋ ፊደል ኢ ከሆነች ቃሉ ሃይፐር ነው፤ ከመጠን በላይ ማለት ነው። ኦ ከሆነች ሃይፖ ነው፤ ከመጠን በታች ማለት ነው። ሃይፐርቴንሽን ሁላችንም የምናውቀው የደም ግፊት መጨመር ነው፤ ሃይፖቴንሽን የግፊት መውረድ። ሃይፐርግላይሴሚያ በደም ውስጥ ስኳር መብዛቱ፣ ሃይፖግላይሴሚያ ማነሱ። ስልክ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው የሚሰሙት፤ ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «አራተኛዋ ፊደል ማን ናት?» ብዬ ነው።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም አንድ ቤተሰብ ደወለልኝ። አያትየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው እህል ሳይቀምሱ ቅዳሴ አስቀድሰው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመለሱ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የልጃቸውን ስም ይስታሉ። ቤት ያሉት ወረቀቱን አውጥተው ሃይፐርግላይሴሚያ የሚለውን በትክክል አነበቡ። «ስኳራቸው ከፍ ብሏል ስለሚል ሻዩን ያለ ስኳር ሰጠናቸው» አሉኝ። ወረቀቱ ግን የሰኔ ነው! በሰኔ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ በነሐሴ ያ ቀን ግን ወርዶ ነበር። በወረቀት ላይ ያለ ቃል የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን ብቻ ነው።

ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው እንዲያጠጧቸው ነገርኳቸው፤ መዋጥ ይችሉ ነበርና። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስማቸውን ጠርተው መለሱ፣ ከዚያ እህል ቀመሱ። እባካችሁ ይህን ያዙ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባትና መነጫነጭ ብዙውን ጊዜ ስኳር ሲወርድ ነው። የውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስና የዓይን ብዥታ ሲጨምር ነው። መለኪያ ካላችሁ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። መለኪያ ከሌላችሁና ከተጠራጠራችሁ እንደወረደ ቁጠሩት፤ ቶሎ የሚገድለው የወረደው ነውና። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፣ ያንቀዋል፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ስለ ጾሙም ልበል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም ያማክር። ለሕመምተኛ ፈቃድ የሚከለክል ካህን እኔ አላጋጠመኝም።

ወደ ቃሉ ጅራት እንሂድ። በአይ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤስ የሚያልቅ ቃል ሁሉ መቆጣትን ይናገራል። ጋስትራይተስ የጨጓራ፣ ቶንሲላይተስ የቶንሲል፣ አርትራይተስ የመገጣጠሚያ፣ አፔንዲሳይተስ የትርፍ አንጀት፣ ሄፓታይተስ የጉበት መቆጣት ነው። ማጅራት ገትር የምንለው ደግሞ ሜኒንጃይተስ ነው። መቆጣት ግን ሁልጊዜ ከባክቴሪያ አይመጣም። አንዳንድ አባቶች ጉልበታቸው ላይ ያለው አርትራይተስ እንዲለቅ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው ይውጣሉ፤ ገንዘባቸውንም መድኃኒቱንም ማባከን ነው።

በኢ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኦ፣ ኤም፣ ዋይ የሚያልቀው ቆርጦ ማውጣት ነው። ቶንሲሌክቶሚ ቶንሲል ማውጣት፣ አፔንዴክቶሚ ትርፍ አንጀት ማውጣት። ኢ እና ሲ ከሌሉበት ግን መክፈት ብቻ ነው፤ ላፓሮቶሚ ሆድን መክፈት ነው። ኤስ ከቀደመችው ደግሞ መውጫ ቀዳዳ ማበጀት ነው፤ ኮሎስቶሚ ማለት ትልቁ አንጀት በሆድ ቆዳ በኩል እንዲወጣ ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ነው። ማዮማ ላለባት ሴት ማዮሜክቶሚ ከተጻፈ የሚወጣው እጢው ነው፤ ማህፀኗ ይቀራል። ሂስተሬክቶሚ ከተጻፈ ማህፀኗ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መውለድ የለም። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስድስት ፊደል ነው የሚያልቁት። ልጅ ያልጠገበች ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ እስክሪብቶ ከመያዟ በፊት «የሚወጣው ምኑ ነው? የሚቀረውስ?» ብላ ትጠይቅ። አጠገቧ ሆናችሁ እናንተም ጠይቁ። ሐኪሙ ቢቸኩልም ማስረዳት ግዴታው ነው።

በኢ፣ ኤም፣ አይ፣ ኤ የሚያልቀው ስለ ደም ነው። አኒሚያ የደም ማነስ ነው፤ ሉኪሚያ ግን የደም ካንሰር ነው። ጅራታቸው አንድ ስለሆነ የሚደነግጥ እናት ብዙ ነው። በኦ፣ ኤም፣ ኤ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ እጢ ነው፤ ሁሉም ግን ካንሰር አይደለም። ላይፖማ ከስብ የሚሠራ፣ ጉዳት የሌለው እብጠት ነው፤ ካርሲኖማ ካንሰር ነው። ትራኮማና ግላኮማ ደግሞ ጅራታቸው ይህ ሆኖ እጢ አይደሉም፣ የዓይን በሽታዎች ናቸው። እንግሊዝኛም እንደ አማርኛችን የራሱ አመል አለው።

የልጅ ልጆቻችሁ በረጅሙ ቃል ይወራረዱባችሁ ይሆናል። 45 ፊደል ያለው ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልኬኖኮኒኦሲስ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኤቨረት ስሚዝ የተባለ የአሜሪካ የእንቆቅልሽ ማኅበር ፕሬዚዳንት ረጅም ይሁን ብሎ ነው የፈጠረው። ሲፈታ ኒሞኖ ሳንባ፣ ማይክሮስኮፒክ በዓይን የማይታይ፣ ሲሊኮ የድንጋይ ብናኝ፣ ቮልኬኖ እሳተ ገሞራ፣ ኮኒኦሲስ የብናኝ ሕመም ነው። ቃሉ ቀልድ ቢሆንም ሕመሙ ቀልድ አይደለም፤ በአጭሩ ሲሊኮሲስ ይባላል። በካዛንቺስና በቂርቆስ አዳዲስ ግንባታዎች ላይ ድንጋይና ሴራሚክ በማሽን ሲቆርጡ ነጭ አቧራ ለብሰው የማያቸው ወጣቶች ያሳስቡኛል። ከሳንባ የገባው ብናኝ አይወጣም፣ ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒትም የለም። ልጃችሁ እዚያ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩን ውሃ እያፈሰሰ ይቁረጥ፣ ለብናኝ የተሠራ ማስክም ያድርግ፤ ነጠላ መጠምጠም አይበቃም።

በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒት ማዘዣ ላይ ስለሚጻፉት አጫጭር ፊደሎች፣ ስለ ቢ-አይ-ዲ እና ቲ-አይ-ዲ እጽፋለሁ። እስከዚያ እጃችሁ ላይ ያለውን ማዘዣ አትጣሉት።