ግንቦት 13ን እንዴት እናስታውሰው? ስለ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መውረድ ሕዝብ አንድ ድምፅ ያጣበት ምክንያት

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሬዲዮ ያሰማው አጭር መግለጫ የአንድን ዘመን ማብቃት አበሰረ። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንትና የኢሠፓ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣናቸውን ለቀው ከአገር መውጣታቸው ተነገረ። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ካወረደበት ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ 17ኛው ዓመት እየተገባደደ ነበር። ኮሎኔሉ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀመንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከተገደሉ በኋላ ሥልጣኑን ጠቅልለው ከያዙ ደግሞ 14 ዓመት አልፏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ነጉደዋል። በቦኖሻም ሆነ በሆሳዕና፣ በሾኔም ሆነ በዱራሜ ስለዚያ ቀን የሚነሣ ጨዋታ ግን እስከ ዛሬ አንድ መቋጫ አላገኘም። አንዱ «መሬት የሰጠን ሰው ሄደ» ሲል ሌላው «ልጃችንን የበላ ሥርዓት ወደቀ» ይላል። አንዱ «አገር ጥሎ ሸሸ» ብሎ ይወቅሳል፤ ሌላው «መውጣቱ ደም አዳነ» ብሎ ይከራከራል። ይህ ሐተታ ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ የተጻፈ አይደለም። አስተያየቱ ለምን እንዲህ እንደተከፋፈለና ዛሬ ምን እንደሚያስተምረን ለመመርመር ነው።

ከመሬቱ እንጀምር። የዛሬው የሐዲያና የከምባታ ምድር ከአብዮቱ በፊት በሸዋ ሥር ከምባታና ሐዲያ በተባለ አውራጃ ይተዳደር ነበር። ብዙው ገበሬ ጪሰኛ ነበር። ያረሰውን ከባለመሬቱ ጋር በሲሶ ወይም በእኩል ይካፈላል፤ ባለመሬቱ ሲቆጣ ደግሞ ከነቤተሰቡ ይነቀላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው። የጪሰኝነትን ሥርዓት አፈረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የመሬት ግብር የሚቀበለው ጌታ በአንድ ቀን ቀረ። ይህን ያየ ሽማግሌ ስለ ደርግ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመጣበት የራሱ እርሻ ነው። የርዕዮተ ዓለሙ ስም ትዝ ላይለው ይችላል፤ ከማሳው ዳር ቆሞ «ይህ የእኔ ነው» ያለበትን የመጀመሪያ ጠዋት ግን አይረሳም።

በከተማም የሚመሳሰል ነገር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ክረምት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የቤት ኪራይ ቀነሰ፤ ቀበሌ የሚባለውም ተቋም ተመሠረተ። የቀበሌ ቤት አግኝቶ ልጆቹን ያሳደገ የከተማ ነዋሪ እስከ ዛሬ አለ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን ሀዲይሳና ከምባትሳ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በእናት ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ገበሬ ያንን ዘመን በበጎ ቢያነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማትም አስገኝቷል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሕዝቡ ድምፅ አንድ በሆነ ነበር። ነገር ግን መሬቱን የሰጠው እጅ ቆይቶ እህሉን መውሰድ ጀመረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ በታች በሆነ የመንግሥት ዋጋ እህል ይገዛ ነበር፤ በየገበሬ ማኅበሩም ኮታ ይደለደል ነበር። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ዓመት ነበር። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መልባና ወልባ በሚሉ ደረጃዎች ሲደራጁ ግብዓቱና ድጋፉ ወደ እነርሱ አዘነበለ። የግል አራሹ በራሱ ማሳ ላይ እንደ እንጀራ ልጅ ታየ። መንደር ምሥረታም በብዙ አካባቢዎች ገበሬውን ከኖረበት ነቅሎ ወደ አንድ ሥፍራ ሰበሰበ። እንሰት የሚተክል ሕዝብ ቤቱና ጓሮው የማይነጣጠሉ ናቸው፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃልና ቤትን ከጓሮ ማራቅ ማለት የክፉ ቀን ስንቅን ማራቅ ማለት ነው።

ከእህሉ የባሰው የልጅ ጉዳይ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ታወጀ። ጦርነቱ በሰሜን በጠነከረ ቁጥር ለገበሬ ማኅበራትና ለቀበሌዎች የሚሰጠው የምልምል ቁጥር ጨመረ፤ ቁጥሩን ለመሙላትም በገበያና በመንገድ አፈሳ ተካሄደ። ከጫካ የሚያድር፣ ከዘመድ ቤት የሚሸሸግ ወጣት በዛ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደግሞ ምፅዋ ከመንግሥት እጅ ሲወጡ ከደቡብ የሄደው ልጅ የት እንደወደቀ ለእናቱ የነገራት አልነበረም። መርዶ እንኳ ያልደረሰው ቤት አለ። ለዚያች እናት ግንቦት 13 የመሬት አዋጅ መታሰቢያ ሊሆን አይችልም። የምትቆጥረው በር በሩን እያየች የኖረችባቸውን ዓመታት ነው።

በሃይማኖትም በኩል ቁስል አለ። በሐዲያና በከምባታ ሥር የሰደዱት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ አገልጋዮቻቸውም ታስረዋል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገድለዋል። በየቤቱ ተደብቆ የጸለየ ምእመን የሥርዓቱን መውደቅ እንደ ነጻነት ቢቆጥረው ምክንያት አለው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ የከተማ ቤተሰቦችም እንዲሁ ናቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

እንግዲህ ልዩነቱ የመጣው አንዱ እውነት ሌላው ሐሰት ስለተናገረ አይደለም። መሬት የተሰጠው አባትና ልጁ የታፈሰበት አባት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጠዋት ስለ መሬቱ ሲጠየቅ ያመሰግናል፤ ማታ ስለ ልጁ ሲጠየቅ ያለቅሳል። በሰዎች መካከል የሚታየው የአስተያየት ልዩነት በአንድ ሰው ልብ ውስጥም አለ። ስለዚህ «ሕዝቡ ደርግን ይወድ ነበር» ወይም «ይጠላ ነበር» ብሎ በአንድ ቃል የሚደመድም ሰው ግማሹን ብቻ እየተናገረ ነው።

ሌላው የክርክር ነጥብ የአወጣጡ ጉዳይ ነው። ወረዱ ወይስ ሸሹ? መንግሥታዊው መግለጫ የኮሎኔሉን መውጣት ደም መፋሰስን ለማስቆም ከተወሰደ እርምጃ ጋር አያይዞ አቅርቦታል። ሂደቱ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ኮሎኔሉ ከአዲስ አበባ የተነሡት በብላቴ የሚገኘውን የጦር ማሠልጠኛ ለመጎብኘት በሚል ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ወደ ናይሮቢ አመራ፤ ከዚያም ወደ ሐራሬ። በብላቴ በዚያን ጊዜ ከየዩኒቨርሲቲው የተወሰዱ ተማሪዎች ለውጊያ እየሠለጠኑ ነበር። የቢላቴ ወንዝ በእኛ ሐዲያና ከምባታ ቆላ አልፎ ወደ አባያ የሚወርድ ወንዝ ነውና ይህ ለአካባቢያችን ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። «እስከ መጨረሻው ሰው» እንዲዋጋ የታዘዘ ወጣት አዛዡ በዚያው ሰማይ ላይ አልፎ መሄዱን ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

የሸሹ አይደለም የሚሉት ወገኖችም የራሳቸው ሙግት አላቸው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ሠራዊቱ ታላላቅ ጄኔራሎቹን አጥቷል፤ የሶቪየት ኅብረት ድጋፍም ነጥፏል፤ በዚህ ሁኔታ መቆየት አዲስ አበባን የጦር ሜዳ ማድረግ ነበር ይላሉ። ኮሎኔሉ ራሳቸውም «ትግላችን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ዘመናቸውን በራሳቸው ዓይን አቅርበዋል። ይሁን እንጂ በ1980 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎ የሚባል ምክር ቤት ነበረው። መሪው በዚያ ፊት ቆሞ ተሰናብቶና ኃላፊነቱን አስረክቦ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ክርክር ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ሥልጣኑን የተረከቡት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን የቆዩት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ግንቦት 15 የሌኒን ሐውልት ከአዲስ አበባ አደባባይ ተነሣ፤ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ። አዛዥ ያጣው ሠራዊት ተበትኖ በእግሩ ወደየአገሩ ተመለሰ። በየመንገዱ ውኃና ዳቦ የሚለምነውን ወታደር ያየ የከተማ ነዋሪ «ሸሸ» የሚለውን ቃል የሚመርጠው ከዚህ ትዝታ ተነሥቶ ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ዕጣ አይደለም። የኩባው ፊደል ካስትሮ የካቲት 11 ቀን 2000 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንትነት እንደማይቀጥሉ ሲያስታውቁ ለ49 ዓመታት ያህል ገዝተው ነበር። በሀቫና ትምህርቱንና ሕክምናውን ያመሰገነ ነበር፤ በማያሚ ደግሞ ንብረቱን ያጣ፣ ዘመዱ የታሰረበት ስደተኛ ከዚህ የተለየ ስሜት ነበረው። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ከጎናችን የተሰለፈው የኩባ ወታደር ለኢትዮጵያዊ ባለውለታ ነው፤ ለራሱ አገር ተቃዋሚ ግን የዚያው ሥርዓት ክንድ ነበር። ልዩነቱ ካስትሮ ሥልጣኑን ሲለቁ በአገራቸው መቆየታቸው ነው። መንግሥቱን ያስጠጓቸው የዚምባብዌው ሮበርት ሙጋቤም በኅዳር 2010 ዓ.ም. ሠራዊቱ ጣልቃ ገብቶ ከሥልጣን ሲለቁ ከአገራቸው አልወጡም። በእኛም አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. በገዛ አንደበታቸው መልቀቂያ ጠይቀው፣ ተተኪያቸው እስኪሰየም ቆይተው አስረክበዋል። ስለ አስተዳደራቸው የፈለገው ቢባል፣ መሪ በሕይወት እያለና በአገሩ ሳለ ሥልጣን ማስረከብ እንደሚችል አይተናል።

ፍርድ ቤቱም ቃሉን ሰጥቷል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝም ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ፍርዱ የወንጀሉን ጥያቄ መልሷል፤ በየቤቱ ያለውን የትዝታ ክርክር ግን አልዘጋውም፤ ሊዘጋውም አይችልም።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከሥርዓቱ ጋር ያልሄደው ነገር ነው። ኮታው፣ መልባና ወልባው የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ከኮሎኔሉ መውጣት በፊት ፈረሱ፤ ገበሬው እንዲወጣ በተፈቀደለት ጊዜ የጋራ እርሻውን በፍጥነት ተከፋፈለ። የመሬት ባለቤትነቱ መርሕ ግን ቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ገበሬው የማይነጥፍ ግዛት መቀበሉን ሲያመሰግን፣ መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ መሄዱና ከይዞታ መነሣት ሲመጣ የሚሰጠው ካሳ እስከ ዛሬ የሚያነጋግሩ ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ ስለ ግንቦት 13 መከራከር ያለፈውን ብቻ አይመለከትም። መሬትን የሰጠ መንግሥት በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሥልጣን የት ድረስ ነው? የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየቀበሌው አለ።

ለወጣቱ ትውልድ ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ወይም ከጨዋታ የሚሰማ ነገር ነው። አንዳንዱ የዛሬው ኑሮ ሲከብደው ያላየውን ዘመን ይናፍቃል፤ አንዳንዱም ያላየውን ዘመን በሙሉ ያወግዛል። ሁለቱንም የሚያርመው ያዩትን መጠየቅ ነው። ጪሰኛ የነበሩት፣ የዘመቱት፣ ኮታ የሰበሰቡትና የከፈሉት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የተዘጋባቸው አዛውንት በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ትምህርት ቤቶች፣ የባህል ጽሕፈት ቤቶችና መገናኛ ብዙኃን የእነርሱን ቃል ሳይመርጡ ቢመዘግቡ፣ ለአንዱ ወገን ምስክር ሳይሆን ለአገር ታሪክ ግብዓት ይሆናል።

አድማጭ ሽማግሌን ሲጠይቅ ሦስቱን ጥያቄዎች ቢለያቸው ይበጃል፦ ሥርዓቱ ምን ሰጠህ? ምን ወሰደብህ? መሪው እንዴት ሄደ? መልሶቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ሊመስሉ ይችላሉ። በአንድ ማሳ ላይ ቆሞ መሬቱን አመስግኖ ልጁን የሚያለቅስ አባት ግን አልተሳሳተም፤ ሁለቱም ደርሰውበታል።