ከክኒን በኋላ ቆዳ ሲላጥ

በሠፈራችን የቆየ ልማድ አለ። ትኩሳት የያዘው፣ አፉ የቆሰለና ዓይኑ የቀላ ሰው ሲታይ «ምች መትቶት ነው» ይባልና ዳማከሴ ይታሽለታል። ብዙ ጊዜም ይሻለዋል፤ በዚህ አንጣላም። ሰውየው ባለፈው አንድ ሁለት ወር ውስጥ አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ለነዋሪው ማስገንዘብ እንወዳለን።

አንዳንድ መድኃኒት፣ በጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም፣ ቆዳን ከሥሩ ያስለቅቃል። አስቀድሞ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም፣ ቀጥሎ የሚያቃጥል ሽፍታ፣ ከዚያ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ይመጣል፤ ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል። አፍ፣ ዓይንና ብልትም ይቆስላሉ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1922 በጻፉት ሁለት አሜሪካውያን ስም «ስቲቨንስ ጆንሰን» ይሉታል። የባሰው ዓይነት ከሦስት ታማሚ አንዱን ያህል ይገድላል።

ለቆላው አፍደም ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 ዋና የወባ መድኃኒት የነበረው ፋንሲዳር ሰልፋ አለበት። ዛሬ ወባ በሌላ ይታከማል፤ ባክትሪም ግን ያው ሰልፋ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖልም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው ያዳኑ ናቸውና ደኅና ሆኖ ሳለ ማንም በፍርሃት አያቋርጣቸው። «እኔን አሽሮኛል፣ እንካ ዋጥ» መባባሉ ግን ይቅር። እኛም ብንሆን ከዚህ ንጹሕ አይደለንም።

ምልክቱ ከታየ ክኒኑ ወዲያው ይቁም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ድሬዳዋ ሆስፒታል ይኬድ። ሕክምናው እንደ እሳት ቃጠሎ ነው፤ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ የማይጣበቅ ንጹሕ ፋሻ፣ የሕመም ማስታገሻ። ዓይን በየቀኑ ካልታየ ሊጠፋ ይችላል። ቅቤም ቅጠልም አይቀባ፤ የቋጠረው አይፈንዳ። ታማሚው በንጹሕ ነጠላ ይሸፈን፣ መዋጥ ከቻለም ውኃ ይጠጣ።

ከሁሉ የሚያናድደን ሐኪሙ «ምን ወሰድክ?» ሲል «ነጭ ክኒን» የሚለው መልስ ነው። ነጭ ያልሆነ ክኒን ስንት ነው! ማሸጊያው አይጣል፣ ከበሽተኛው ጋር ይሂድ። የዳነ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ስም በካርዱ ላይ አስጽፎ ይያዝ፤ ሁለተኛ ሊወስደው አይገባም። ወንድም እኅቶቹም መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።