«አማርኛ አመክንዮ የለውም» ለሚሉን



በነታንያ የምንኖር ወላጆች ስለ ልጆቻችን ትምህርት አንድ ምክር ደጋግመን ሰምተናል፤ «ቤት ውስጥ አማርኛ አትናገሩ፣ የልጁ አስተሳሰብ ይምታታበታል» የሚል ነው። ምክሩን የሚሰጡት ባዕዳን ብቻ ቢሆኑ ባልገረመን ነበር፤ ነገር ግን ከራሳችንም መካከል አማርኛ ለቅኔ እንጂ ለአመክንዮ አልተፈጠረም የሚሉ አሉ። (ቅኔም ቢሆን ኅብረ ቃሉ በትክክል ካልተፈታ ወርቁ አይገኝም!) ይህን አንቀበልም።

እስቲ አንዲት ቃል እንውሰድ። «ሻይ ወይም ቡና ትጠጣለህ?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» ብሎ መመለስ ይቻላል። «ሻይ ወይስ ቡና?» ሲባል ግን «አዎ» የሚል ሰው ያስቃል። ዕብራይስጥ ለሁለቱም «ኦ» የምትል አንዲት ቃል ናት ያለችው። የሎጂክ መጻሕፍትም ለ«ወይም» ምልክት አላቸው፤ «ወይስ»ን ግን በዚያ ምልክት መጻፍ አይቻልም። ቤቱ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ይህን ልዩነት አንደኛ ክፍል ሳይገባ ያውቀዋል። ታዲያ የጎደለው ማን ነው?

ሎጂክን ለማጣጣል አይደለም። በቃለ ጉባኤ «ሁሉም አባላት መዋጮ አልከፈሉም» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ማንም አልከፈለም ብሎ ይረዳል፣ ሌላው ያልከፈሉ አሉ ብሎ፤ ከዚያ ወዲያ ጠብ ነው። የሎጂክ ምልክት ሁለቱን ይለያል። ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ በ1879 ባሳተመው መጽሐፍ ምልክቶቹን በማይክሮስኮፕ፣ የሰውን ቋንቋ በዓይን መስሏል። ማይክሮስኮፕ ለአንድ ሥራ ይበልጣል፤ መንገድ የሚሻገር ሰው ግን የሚያየው በዓይኑ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው በፈተና ነው። ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠየቀ፤ በረዶ ባለበት ሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፣ ኖቫያ ዘምልያ ያለችው በሩቅ ሰሜን ነው፣ የዚያ አገር ድቦች መልካቸው ምንድን ነው? ብዙዎቹ ያላየነውን አንናገርም በሚል መንፈስ መለሱ። ጥቂት ትምህርት የቀመሱት ግን ነጭ ናቸው አሉ። ቋንቋው ያው ነው፤ የተለየው «ከተጻፈው አትውጣ» የሚለውን የትምህርት ቤት ደንብ መልመድ ነው። እናቶቻችንም ያላዩትን አይመሰክሩም፤ ዳኛ ፊት ቢሆን ያስመሰግናቸው ነበር።

ደንብ ደግሞ ይለመዳል። በ2014 ያረፉት ፕሮፌሰር ራውቨን ፎየርሽታይንና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን ፈተኑ፣ አስተማሩ፣ እንደገና ፈተኑ፤ በ1991 በታተመው ጥናታቸው ከትምህርቱ በኋላ ውጤቱ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ ጊዜ ብቻ ፈትኖ የሚፈርድ መርማሪ ይህን ሊያይ አይችልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ «ኢቭኹን» በሚሉት ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደተፈተነ፣ የጥያቄው አሠራር ተብራርቶለት ዳግመኛ ተፈትኖ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ሰው ካልቀረበ አትፈርሙ።