ከቪዲዮው የሚጣለውን ማን ይምረጥ?

የስልካቸው ማከማቻ የሞላባቸው ተማሪዎች የሚወስዱት እርምጃ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥራቱን ሳይነካ መጠኑን አሳንሳለሁ የሚል አንድ መተግበሪያ ያወርዳሉ፤ አዝራሩን ይጫናሉ፤ ፋይሉ ያንሳል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቪዲዮን ማሳነስ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። የኢንተርኔት ፓኬጁን በሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛ ተማሪ ማሳነሱ ግድ ነው። ጸሐፊው የሚቃወመው ምን እንደሚጣል የመምረጡን ሥልጣን፣ ቪዲዮው ለምን እንደተቀረጸ ለማያውቅ ፕሮግራም አሳልፎ መስጠትን ነው።

አስቀድመን ስሌቱን እንመልከት። በተለመደው የስልክ ቪዲዮ ውስጥ አንዱ ምስል ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስሎች አሉት፤ በጠቅላላው 2,073,600 ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ብንመድብ አንዱ ምስል ብቻ ከ6 ሚሊዮን ባይት በላይ ይሆናል። በሰከንድ 30 ምስል ሲነሣ 187 ሜጋባይት ያህል፣ በደቂቃ ደግሞ ከ11 ጊጋባይት በላይ ይደርሳል። ስልኩ ግን ይህንኑ አንድ ደቂቃ ኤች 264 በተባለው የጭመቃ ስልት 130 ሜጋባይት ገደማ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከሰማንያ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። «ኦሪጅናል» ብለን የምናከብረው ፋይል እንግዲህ ራሱ ከጭመቃ የተረፈ ነው።

የቀረው የት ሄደ? ከፊሉ በእርግጥ ትርፍ ነበር። ከመምህሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ አይለወጥም፤ ስለዚህ ግድግዳውን በሰከንድ 30 ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም። የመምህሩ እጅ ከተንቀሳቀሰም ያ ቁራጭ ምን ያህል፣ ወደየት እንደሄደ መመዝገብ ይበቃል። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነገር የሚሸከመው መረጃ ጥቂት ነው።

ሌላው ግን ትርፍ አልነበረም፤ ዓይን አያስተውለውም ተብሎ የተጣለ ነው። ዓይናችን ከቀለም ልዩነት ይልቅ የድምቀትን ልዩነት አጥርቶ ይለያል። በዚህ ምክንያት ለአራት አጎራባች ፒክስሎች አራት የድምቀት ቁጥሮችና በጋራ የሚካፈሏቸው ሁለት የቀለም ቁጥሮች ብቻ ይመደባሉ፤ 12 የነበረው ቁጥር 6 ሆነ፣ ግማሹ ገና ከመነሻው ሄደ ማለት ነው። ከዚያም ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በሞገዶች ድምር ይገለጻል። ደቃቅ ዝርዝርን የሚይዙት አጫጭር ሞገዶች መጠናቸው እየተጠጋጋ ብዙዎቹ ዜሮ ይሆናሉ። የዚህ ስልት መሠረት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። በሕንድ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ናሲር አሕመድ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አቅርቦ የገንዘብ ድጋፍ ተነፍጎታል፤ ሥራውን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው በ1974 ነው። (ኮሳይን ምን ይሠራልናል ብለው ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የያዙትን ስልክ አሳያቸዋለሁ።)

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። «ዓይን አያስተውለውም» የሚለው ፍርድ የተሰጠው ሠርግና ዘፈን ለሚያይ ተመልካች ነው። ለሚለካ ሰውስ?

ተማሪዎች የምትወድቅ ኳስ በስልክ ቀርጸው፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ የስበትን ሽምጠት ያሰላሉ። ውድ መሣሪያ ለሌለው ቤተ ሙከራ ይህ ታላቅ በረከት ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ኳስ መሬት የምትደርሰው በ0.45 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 30 ምስል ከተነሣ 13 ወይም 14 ነጥቦች እናገኛለን። ማሳነሻው የምስሎቹን ብዛት ወደ 15 ካወረደው የሚቀሩት 6 ወይም 7 ናቸው፤ የኳሷም ጠርዝ ይደበዝዛል። በሪፖርቱ ላይ ግን ጥፋተኛው ዘወትር የአየር ግጭት ነው!

የጥቁር ሰሌዳ ትምህርት ሲቀረጽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰሌዳ አይሮጥም፤ በሰከንድ 15 ምስል፣ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ፒክስሉ ግን ሕይወቱ ነው። 1920 በ1080 የነበረው 640 በ360 ሲሆን የሚቀረው ዘጠነኛው እጅ ብቻ ነው፤ የመቀነስ ምልክት ይጠፋል፣ የአርቢው 2 እና 3 አይለዩም። አንዱ ጊዜን፣ ሌላው ቦታን አጥብቆ ይፈልጋል። ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጉዳቱም በአንድ ጊዜ አያበቃም። በመልእክት መተግበሪያ በኩል በተለመደው መንገድ የተላከ ቪዲዮ በአብዛኛው እንደገና ይጨመቃል፤ የተቀበለው አሳንሶ ለሌላው ሲልክ ደግሞ ሌላ ጭመቃ ይጨመራል። ከአንዱ ባች ወደ ቀጣዩ የሚተላለፉት የትምህርት ቪዲዮዎች መጽሐፍ ላላገኘ ተማሪ ብቸኛ መጽሐፉ ናቸው። እነርሱም በየእጁ እየደበዘዙ ነው። አሁን አሁን ደብዛዛውን መልሰው እናጠራለን የሚሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መጥተዋል። እነርሱ የሚጨምሩት ግምትን ነው፤ የጠፋውን አርቢ 2 ነበር ብሎ የሚገምት ፕሮግራም ለፈተና ዝግጅት ምን ያህል እንደሚበጅ አንባቢ ይፍረድ።

ታዲያ እንዴት ይሳነስ? የፋይል መጠን በሰከንድ የሚፈሰው መረጃ ሲባዛ በጊዜው ርዝመት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የተመደበለት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 120 ሜጋቢት፣ ለ8 ሲካፈል 15 ሜጋባይት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሳነሻ መቀስ ነው፦ ኳሷ ከመለቀቋ በፊት ያለው የአንድ ደቂቃ ጫጫታ ይቆረጥ። ሁለተኛው ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፣ በቂ ብርሃን ባለበት መቅረጽ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም ሆነ በጨለማ የሚፈጠረው የምስል ፍንጣቂ ለመገመት ስለሚያስቸግር የተመደበውን ቢት ያለ ጥቅም ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ኤች 265 ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ቢት ይበቃዋል፤ ነገር ግን አሮጌ ስልኮች ላይከፍቱት ይችላሉ። ቪዲዮን በዚፕ ማሸግ ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚጨመቀው አስቀድሞ ተጨምቋል። በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ በቪዲዮነት ሳይሆን በፋይልነት ከተላከ እንደገና አይጨመቅም።

ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የሚከተል ነው። በቤተ ሙከራ መመሪያው ላይ ግማሽ ገጽ ይጨመርና ተማሪው ከውጤቱ ጋር ቪዲዮው በሰከንድ ስንት ምስልና ስንት ፒክስል እንዳለው፣ ስንት ጊዜም እንደተጨመቀ ይጻፍ። የትምህርት ቪዲዮዎች የመጀመሪያ ቅጂ በየትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ ፍላሽ ይዞ የመጣ ተማሪ ያለ ኢንተርኔት ወጪ ከዚያው ይገልብጥ።