ከቆመው መኪና ለሚሄደው መኪና

ከደሴ ተነሥቶ በአቅስታ በኩል ወደ ቦረና የተጓዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ መካነ ሰላም የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል፣ መምህሩን ወደ ትምህርት ቤት፣ የግብርና ባለሙያውን ወደ ገበሬው የሚያደርስ የሥራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የመኪና ጤንነት የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው፤ አንድ አሮጌ ትንሽ የገጠር መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ከሌላ ከቆመ መኪና ዕቃ እየተፈታ ስለሚገጠምበት ሥራ ነው። ስለዚህ ሥራ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ይህ የድሪቶ ሥራ ነው፤ የተጣፈ መኪና መኪና አይሆንም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቀዳዳው ከገጠመ ሁሉም ዕቃ ለሁሉም ይሆናል» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። የፊተኛው የብዙ ሰዎችን ሙያ ይንቃል፤ የኋለኛው ግን የመንገደኛን ነፍስ ያስጠፋል።

በመጀመሪያ ይህ ሥራ ለምን እንደ በዛ እንመልከት። በአገራችን የገጠር መንገድ ላይ ከሚታዩት ትናንሽ መኪናዎች መካከል ሱዙኪ ቪታራና ቶዮታ ራቭ ፎር ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቪታራ ከፋብሪካ የወጣው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988፤ የመጀመሪያው ራቭ ፎር ደግሞ በ1994 ነው። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከሚነዷቸው ወጣቶች በዕድሜ ይበልጣሉ ማለት ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ሕጎቹ የወጡበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፤ ውጤታቸው ግልጽ ነው። በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ከፍ አለ፤ ባለቤቱም ከመጣል ይልቅ ማደስን መረጠ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በኩባ ደሴት ከ1959ኙ አብዮት በኋላ ከአሜሪካ መለዋወጫ መምጣቱ በቆመ ጊዜ፤ የሐቫና መካኒኮች በአሜሪካ መኪናዎች ውስጥ የሶቪየት ሞተር እየገጠሙ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አሽከርክረዋቸዋል። ዓለምም ይህን እንደ ጥበብ ቈጥሮታል። የእኛም መካኒኮች ከዚህ ያነሰ ሙያ የላቸውም። ካምቢዮ፣ ፍሪስዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን ቋንቋ መጥተው የጋራዥ አማርኛ ሆነው እንደ ቀሩ ሁሉ፤ ሙያውም ከውጭ መጥቶ የአገር ልጅ ሙያ ሆኗል። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው፤ አንድ ብሎን አይቶ የየትኛው መኪና እንደ ሆነ የሚናገር ነጋዴ ያገኛል። ይህ ሳይጻፍ በልብ የተያዘ ትልቅ ዕውቀት ነው።

ነገር ግን ዕውቀት ሥርዐት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ የሞተርን ነገር እንውሰድ። ወደ ከፍታ በተወጣ ቍጥር አየር ይሳሳል። በ2,600 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጕልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። 80 የፈረስ ጕልበት አለው የተባለ ሞተር በመካነ ሰላም ደጋ ላይ የሚሰጠው 60 ገደማ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ዳገት ላይ መኪናው ሲለግምበት ከሌላ መኪና ትልቅ ሞተር አውጥቶ መግጠም ያምረዋል። ምኞቱ መጥፎ አይደለም። ይሁን እንጂ ትልቁ ሞተር ብቻውን አይመጣም። ብዙ ሙቀት ስላለው ትልቅ ራዲያተር ይፈልጋል፤ ብዙ ጕልበት ስላለው ጠንካራ ፍሪስዮን ይፈልጋል፤ ክብደቱም ከፊት ባሉት ሞላዎችና ፍሬኖች ላይ ይጨመራል። ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚመጥን ዘመናዊ ሞተር ከሆነማ፤ ኮምፒዩተሩንና የሽቦ መስመሩን ከነሙሉ መለኪያዎቹ ይዞ ካልመጣ የሞተ ብረት ነው። ሞተሩን ብቻ ነቅሎ ሽቦውን የሚቈርጥ መካኒክ ግማሹን ሞተር ጥሎ መጣ እንላለን።

የሚፈታው መኪና ከየት አገር እንደ መጣም ማወቅ ያሻል። ጃፓን በግራ መስመር የምትነዳ አገር ስለ ሆነች የመኪናዎቿ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መስመር ትነዳለች። ስለዚህ ከጃፓን ገበያ የተገኘ ሞተርና ካምቢዮ ሊያገለግል ሲችል፤ የዚያው መኪና መሪና የዳሽቦርድ ዕቃ ግን ለእኛ አይሆንም። አንዱ ዕቃ ስለ ገጠመ ሌላውም ይገጥማል ብሎ ማሰብ ገንዘብን ከሜዳ ላይ መበተን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የዲፈረንሻል ነገር ነው። አራቱም ጎማዎቹ በሚነዱ መኪና ውስጥ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል በአንድ ልክ መዞር አለባቸው። ይህ ተራ የሒሳብ ጉዳይ ነው። 41 ጥርስ ያለው ኮሮና 8 ጥርስ ባለው ፒኞን ሲነዳ፤ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ሻፍቱ 5.125 ጊዜ ይዞራል። ኮሮናው 37 ጥርስ ቢሆን ግን 4.625 ጊዜ ብቻ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ተሰብሮ ከሌላ መኪና የመጣ ዲፈረንሻል ቢገጠምና ከፊተኛው ጋራ ባይመሳሰል፤ ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር በሁለቱ ሻፍቶች መካከል የግማሽ ዙር ልዩነት ይፈጠራል። በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይውጠዋል። በደረቅ ድንጋይ ላይ ግን የሚሄድበት ስለሌለው፤ ኀይሉ ለፊትና ለኋላ በሚያካፍለው ማርሽ ላይ ታፍኖ በመጨረሻ ይሰብረዋል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። ከመግጠም በፊት መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፤ ሁለቱንም ጎማዎች እኩል አንድ ዙር እያዞሩ ሻፍቱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር መቍጠር ነው። በዐሥር ደቂቃ ቈጠራ የብዙ ወር ኪሳራ ይድናል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፤ ያልቈጠረ መካኒክ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ከቆመ መኪና ሊወሰድ የሚገባውና የማይገባው ዕቃም አለ። በር፣ መስተዋት፣ ወንበር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ሞተሪኖ፣ ራዲያተር ከተመረመሩ በኋላ ሊወሰዱ ይችላሉ። የፍሬን ሸራ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን ግን አዲስ መገዛት አለባቸው። ጎማነት ያለው ነገር ሁሉ መኪናው ቢቆምም ማርጀቱን አያቆምምና። በግጭት ሻንሲው የተጣመመ መኪናም ለበሩና ለሞተሩ ይሁን እንጂ፤ ሻንሲውን ቈርጦ ከሌላ ጋራ በብየዳ ማጋጠም ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

ስለ ፍሬን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖር ሰው ዳገት የመውጣትን ችግር ያውቃል፤ ነፍስን የሚፈትነው ግን ቍልቍለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጕዙ፤ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ለመሻገር መንገድ ማስጠረግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ጕዞውም ወራት ፈጀ። ያን ያህል ክብደት ያለ ነገር በገደል አፋፍ ላይ ሲሄድ፤ ከሚጐትተው ጕልበት ባላነሰ የሚይዘው ጕልበት እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው። ዛሬም ትልቅ ሞተር አስገጥሞ ፍሬኑን እንደ ነበረ የተወ ሰው፤ መጐተቻውን አጠንክሮ መያዣውን ረስቷል። ሞተሩ ከፍ ካለ ፍሬኑም ከፍ ይበል። ይህን ለመጨመር ገንዘብ ያነሰው ሰው ትልቁን ሞተር ይተወው።

ሌላው ነገር የሕግ ጉዳይ ነው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመዘገብና እንዲመረመር ያዛል። በሊብሬው ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር ተጽፈዋል። ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ሳይታረም ከቀረ፤ ወረቀቱና ብረቱ ይጣላሉ። ያን ጊዜ ቅን የሆነው ባለቤት ከሌባ የሚለይበት ምልክት አይኖረውም። እንደሚታወቀው በጋራዥ ቋንቋ «የታረደ» የሚባል መኪና አለ፤ ከታረዱትም መካከል ተሰርቀው የታረዱ አይጠፉም። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛ ሰው ርካሽ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የዕቃውን አመጣጥ ይጠይቅ፤ የሽያጭ ደረሰኝም ይቀበል። ያለ ወረቀት የተገዛ ሞተር ዛሬ ረክሶ ነገ ይወደዳል።

አሁን ወደ ወጣት ሹማምንቶቻችን እንመለስ። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ቆመው ሣር የበቀለባቸው መኪናዎች ይታያሉ። አንዱ ሞተሩ ሞቶ አካሉ ደኅና ነው፤ ጐረቤቱ ተገልብጦ አካሉ ሲጐዳ ሞተሩ ደኅና ነው። ከሁለቱ አንድ ጤነኛ መኪና ማውጣት ይቻል ነበር። ዳሩ ግን «ነገ እጠየቅበታለሁ» በሚል ፍርሀት ማንም ሳይፈርም ዓመታት ያልፋሉ። ፊርማ የጠበቀው መኪና ግን ባለበት አይቆይም። መጀመሪያ ባትሪው ይጠፋል፤ ቀጥሎ ጎማው፣ መብራቱ፣ ሞተሪኖው እያለ ይሄዳል። በሕግ ሊፈታ ያልተፈቀደለት መኪና ያለ ሕግ ተፈትቶ ያልቃል። ከዚህ ሁሉ የሚጐዳው በዚያ መኪና ክትባት ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቀው የገጠር ሕፃን ነው።

አለመፈረም ከኀላፊነት የሚያድን መስሎ የሚታየው ሹም፤ ዝምታውም ውሳኔ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባዋል። ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም። የቆመው መኪና በባለሙያ ይመርመር፤ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው ዕቃ በዝርዝር ይጻፍ፤ የንብረት ሕጉ በሚያዘው መሠረት ፈቃድ ይጠየቅ፤ ከየትኛው ሻንሲ ወደ የትኛው ሻንሲ ምን ዕቃ እንደ ተዛወረ በመዝገብ ይስፈር፤ የቀረው በጨረታ ይሸጥ። መዝገቡ ለሌባ ዘብ፤ ለቅን ሠራተኛ ምስክር ይሆናል።

ተማሪዎቻችንም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። በየአካባቢውም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ወጣቶች ሽማግሌው መካኒክ በልቡ የያዘውን እየጠየቁ ቢጽፉ፤ የትኛው ካምቢዮ ከየትኛው ሞተር ጋራ እንደሚስማማ፤ የትኛው ኮሮና ስንት ጥርስ እንዳለው በአማርኛ ሰንጠረዥ ቢያዘጋጁ፤ ለአገራቸው የማይረሳ ውለታ ይውላሉ። መካኒኩም በበኩሉ የተማሪውን ሒሳብ ቢያዳምጥ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ማደስ አያሳፍርም እንላለን። የሚያሳፍረው ሳይለኩ መግጠም፤ ሳይመዘግቡ መፍታት፤ ፍሬኑን ሳያዩ ሰው ማሳፈር ነው። የቆመው መኪና ለሚሄደው ሊተርፍ የሚችለው በመካኒኩ እጅ፤ በተማሪው ሒሳብና በሹሙ መዝገብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ግን ሁለቱም መኪናዎች መቆማቸው አይቀርም።