የትምህርት ቤቱን ቦርድ ማን መረጠው?

አንድ የአሶሳ ወጣት ከገዢውም ከዋናው ተቃዋሚም ሳይሆን በሦስተኛ ፓርቲ ስም ለትምህርት ቦርድ ልወዳደር ቢል ምን መልስ ያገኛል? ሕጉ በ18 ዓመትህ ምረጥ፣ በ21 ዓመትህ ተመረጥ ይላል። ለዚህ ወንበር ግን የድምፅ ሣጥን የለም። የቀበሌውን የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚመራው የቀበሌው ሹም ነው። ሕዝብ የቀበሌ ምክር ቤት የመረጠው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበረ፤ አምስት ዓመቱ ሲያልቅ የ2010ሩ ምርጫ ተራዘመ። ዛሬ 21 ዓመት የሞላው ተማሪ ያን ጊዜ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር!

«የወጣት ማኅበር ወኪል በቦርዱ አለ» ይሉናል። ማን መረጠው? «ጸጥታ የለም» ይሉናል። ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ድምፅ ተሰጥቶ የለምን? ለምክር ቤት የተገኘ ሣጥን ለትምህርት ቤት ስለምን ይታጣል?

የበርታው፣ የጉሙዙና የሽናሻው ልጅ በምን ቋንቋ ይማር፣ መምህሩስ ስለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ውክልናውን ከወላጅ እንጂ ከሹም ሊቀበል አይገባውም። እንግዲህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቦርዱ ወንበር ለምርጫ ይቅረብ፣ ሦስተኛውም ወጣት ይወዳደር። መምህራኖቻችንም ከእኛ ጋር ይቁሙ። ወጣቱ ቢሸነፍ በወላጆች ድምፅ ይሸነፍ፤ በሹም ዝምታ ግን አይሁን!