ሴላ ወይስ ኬላ?

በእጃችን ከገቡት የማስተማሪያ ወረቀቶች አንዱ «ሴላ» የሚለውን የላቲን ቃል «ቅድስተ ቅዱሳን» ብሎ ተርጉሞታል። ትርጉሙ ሳይመረመር ወደ ፈተና ወረቀት ገባ፤ ከፈተናውም ወደ ግጥሞቻችን ተሻገረ። አሁንማ ገጣሚ ጓደኞቻችን የግሪክን ቤተ መቅደስ ውስጠኛ ክፍል ዕጣን ያፈነው፣ ካህን ብቻ የሚረግጠው፣ ጨለማ የምሥጢር ጓዳ አድርገው ይሥሉልናል። ያማረ ሥዕል ነው። ግን ሐሰት ነው!

እኛ መቅደስ የምናውቀው ከአገራችን ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያልን ስንቆጥር ላደግን ሰዎች ታቦቱም በውስጥ ነው፤ ቅዳሴውም በውስጥ ነው። ግሪኮች ዘንድ ግን መሠዊያው ደጅ ነው። በሬው የሚታረደው ደጅ፣ ሥጋው የሚጠበሰው ደጅ፣ ሕዝቡም የሚሰበሰበው ደጅ! ውስጠኛው ክፍል የአምላኩ ምስል የሚቆምበት ቤት ነው። ግሪኮቹ ናኦስ ይሉታል፤ ማደሪያ እንደማለት ነው። በሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ሲከፈት ምስሉና መሠዊያው ፊት ለፊት ይተያያሉ።

የሚቆለፍ አልነበረም አንልም። በአቴና ከተማ «በረግረጉ» የሚባለው የዲዮኒሶስ ቤት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይከፈት ነበር። በኦሊምፒያ ግን ሰው ዜውስን ከቅርብ የሚያይበት ደረጃና ፎቅ ከነሰገነቱ በዚያው በውስጠኛው ክፍል ነበረው። ስትራቦን እንዲያውም ይቀልዳል፦ ይህ የተቀመጠ ዜውስ ብድግ ቢል ጣራውን ይዞት ይሄዳል ይላል። በቅድስተ ቅዱሳን እንዲህ ይቀለዳል እንዴ?

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ገንዘቡ። የፓርተኖን የምሥራቁ ክፍል «ባለ መቶ ጫማው» ይባል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ፊድያስ የሠራት፣ 12 ሜትር ገደማ የምትሆን የወርቅና የዝሆን ጥርስ አቴና የቆመችው እዚያ ነው። በላይዋ ያለው ወርቅ 40 መክሊት ይመዝናል፤ በኪሎ ከ1,000 ይበልጣል። ፔሪክልስ በ431፣ ጦርነቱ ደጅ ሲደርስ፣ ለከተማው ሰው ሀብቱን ሲቆጥር ይህንንም አብሮ ቆጠረው፦ ወርቁ ተነቃይ ነው፣ ቢቸግረን እናወርደዋለን፣ ኋላ እንተካለን! ልብ በሉ፤ ከአምላካቸው ቀሚስ ላይ ነው የሚነቅሉት። ፊድያስም ወርቅ ሰርቋል ተብሎ ሲከሰስ፣ ወርቁ ተነቅሎ መመዘን የሚችል ስለነበር ነገሩ በሚዛን ታየ ይላል ፕሉታርክ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ላካሬስ የሚባል አምባገነን ወርቁን ገፈፈው።

ብሩስ ከየት መጣ? ግማሹ ከላውርዮን ማዕድን፣ ባሮች ከመሬት በታች እየተሳቡ ከሚፈልጡት። ግማሹ ደግሞ ከ«ወዳጅ» ከተሞች። የማኅበሩ ግምጃ ቤት በ454 ከዴሎስ ወደ አቴና ተዛወረ፤ ከያንዳንዱ ግብር ላይ 60ኛው እጅ ለአምላኪቱ ይነሣል። በ431 ፔሪክልስ እንዳለው የወዳጆቹ ግብር በዓመት 600 መክሊት ይሆን ነበር። የራሱ ከተማ ሰዎች እንኳ፣ ተቃዋሚዎቹ፣ በአደባባይ ጮኸውበታል፦ ለጦርነት ያዋጡትን ገንዘብ ወስደን ከተማችንን እንደ ሴት በጌጥ እናሽሞነሙናለን ብለው። በእኛ ዘንድ እንኳ መቅደስ ሌላ፣ ዕቃ ቤት ሌላ ነው። እዚያ ግን ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ።

ሮማም ብትሄዱ ያው ነው። የመንግሥቱ ግምጃ ቤት በሳቱርን ቤተ መቅደስ ነበር፤ በ49 ዩልዮስ ቄሣር የሕዝብ እንደራሴውን ሜቴሉስን እገድልሃለሁ ብሎ አስፈራርቶ ወሰደው። የስምምነት አምላክ፣ የኮንኮርዲያ ሴላ ደግሞ የሸንጎ አዳራሽ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ በ63 የካቲሊና ግብረ አበሮች ያለ ፍርድ ቤት እንዲገደሉ የተወሰነው እዚያ ውስጥ ነው። ያንን የስምምነት ቤት ያሠራው ማን ሆነና? በ121 ጋይዮስ ግራኩስንና ተከታዮቹን ያስፈጀው ኦፒሚዮስ! አንድ ያልታወቀ ሰው በሌሊት መጥቶ ጽሑፉ ሥር ስላቅ ጻፈበት ይባላል። የዚያ ሰው ነገር ከኦፒሚዮስ ዕብነ በረድ ይልቅ ልባችንን ይነካዋል።

«እምነትን ባንክ አደረጋችሁት» የሚሉን አሉ። እኛ እምነት አልነበረም አላልንም። ብሩ እዚያ የተቀመጠው ሰው አምላኪቱን ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱ ባይኖር ቁልፉ ብቻ ምን ያደርጋል? ደግሞም የአቴና ሰዎች የእኛ ገጣሚዎች ያልሰጧቸው አንድ ክብር አላቸው። ከሀብታሞቹ መደብ በየዓመቱ በዕጣ የሚወጡት 10 ግምጃ ቤት ጠባቂዎች፣ የብር ሳህኑን ከነሚዛኑ፣ አክሊሉን ከነቁጥሩ ቆጥረው ይረካከባሉ፤ ዝርዝሩም በድንጋይ ተቀርጾ ይቆማል። ምሥጢር የሚሉት ጓዳ እንዲህ በአደባባይ ተቆጥሯል! ግብር ከፋዮቹ ከተሞች ግን ወጪውን አልተጠየቁም። ሊጻፍ የሚገባው ግጥም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቃሉ፦ ሮማውያን ራሳቸው «ኬላ» ብለው ነው የሚጠሩት። በነሱ አፍ የወይን ማከማቻውም፣ የእህል ጎተራውም፣ የባሪያው ማደሪያም ኬላ ነው። ከኛ ቀረጥ መቀበያ ኬላ ጋር ዘመድ ነው ብለን አንዋሽም፤ ድምፁ ገጠመ እንጂ። ሆኖም ለሚቀጥለው እትም በምናዘጋጀው ትርጉም «ቅድስተ ቅዱሳን» የሚለውን ሰርዘን «ኬላ» ብለን እንጽፋለን። የሚቃወም ካለ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ ስቴንስሉ እስኪቆረጥ ሁለት ሳምንት አለው።